አባ ቆይ እና ያልበራው አንጀት

በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ቀዶ ሐኪሙን በስሙ የሚጠራው የለም። ነርሶቹ «አባ ቆይ» የሚል ስም ካወጡለት ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም። ስሙ የወጣለት ከአንድ ልማዱ ነው። ሌላ ሐኪም መቀስ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ እሱ እጁን ከሕፃኑ ሆድ በላይ ያቆምና «ቆይ» ይላል። ለማን እንደሚለው አይታወቅም። ለነርሷ አይደለም፤ መቀሱን ገና አላቀበለችውም። ለረዳቱም አይደለም። የቅርብ ባልደረቦቹ «ለገዛ እጁ ነው የሚለው» ይላሉ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያያል። የሌላው ሰው እግር ይደነዝዛል፣ እሱ ግን ያያል።

አንድ ጊዜ መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ዶክተር፣ ልጁ እኮ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ደረሰ» አለችው።

ቀና ሳይል፣ «ይግባ፤ ግን አንጀቱን ይዞ ይግባ» ብሎ መለሰላት።

ይህችን ነርስ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ምላሷ አያርፍም፣ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም፤ አባ ቆይ ያለ እሷ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት አይወድም።

ለመሆኑ እንዲህ አፍጥጦ የሚያየው ምኑን ነው? ጤነኛ አንጀት ሮዝ ነው። እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ በጣት ነካ ሲያደርጉት ቀስ ብሎ ይላወሳል። ደም የተቋረጠበት አንጀት ደግሞ መጀመሪያ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ሲቆይ ይጠቁራል። ሮዙን ማወቅ ማንንም አያቅትም፤ ጥቁሩንም እንደዚሁ። ችግሩ መሀል ላይ ያለው ነው። ወይን ጠጅ የመሰለው አንጀት ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደነገጠ እንጂ አልሞተም፣ ደም ሲመለስለት ይነቃል። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። የድሮው መላ በሞቀ የጨው ውኃ በራሰ ጎዝ፣ ማለትም በስስ የቁስል ጨርቅ፣ ጠቅልሎ መጠበቅ፣ ከዚያ ገልጦ ማየት ነው። «ቆይ» የሚለውም ቃል የመጣው ከዚህ ጥበቃ ነው።

ነገሩ ለአዋቂም ከባድ ነው፤ ለሕፃን ግን የባሰ ነው። የአራስ ልጅ አንጀት ቀጭንና አጭር ነው፣ የሚባክን የለውም። ሐኪሙ ከሚገባው በላይ ከቆረጠ ልጁ የጠጣውን ወተት የሚያደርስበት አንጀት አይተርፈውም፤ ዕድሜውን በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሞተውን ሳይቆርጥ ከተወ ደግሞ አንጀቱ ተበስቶ ልጁን ይመርዘዋል። አባ ቆይ ሥራውን በጀመረበት ሰሞን ሁለቱንም አይቷል። ስለዚያ ብዙ አያወራም፤ «ቆይ» ይላል እንጂ።

ቤቱ ሲገባ ሌላ ዓለም ይጠብቀዋል። ሚስቱ በውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የብልሽት ክፍል ሠራተኛ ናት። ቧንቧ ስትጠግን ኖራ አሁን ስልክ ትቀበላለች፤ ቁጥሯን ግን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ስለሚያውቀው እራት ላይም ስልኩ ይጮኻል። አባ ቆይ ጉርሻውን እያኘከ የሚሰማው ንግግር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

«ሄሎ፣ አቤት። ውኃ ጠፋ? እሺ እናቴ፣ የጎረቤትዎ ይወርዳል?... አይ፣ አይገምቱ፣ ሄደው ጠይቀው ይንገሩኝ... ተኳርፈናል? በቃ ዛሬ ታረቁ፣ ምክንያት ተገኘላችሁ!»

ስልኩን ስትዘጋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምሬት ታሰማለች። «ሰው እኮ ውኃ ሲጠፋበት መጀመሪያ ግቢውን ነው የሚቆፍረው። የጎረቤቱ ከወረደ ብልሽቱ የሱ ቤት ነው፣ ይቆፍር። የጎረቤቱም ከደረቀ ግን ምን ያስቆፍረዋል? ውኃው ገና ሰፈሩ አልደረሰም ማለት ነው!»

«ልክ ነሽ» ይላል አባ ቆይ፣ ወጡን እያጠቀሰ። ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። የሰው ጆሮ ሺህ ጊዜ የሰማውን ነገር የት እንደሚያስቀምጠው አይታወቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ሆስፒታሉ አዲስ ካሜራ አመጣ። አባ ቆይ ሳጥኑ ሲከፈት አጠገቡ ቆሞ አላስከፍት አለ፤ «ይኼ ምንድነው፣ ያኛውስ» እያለ መሐንዲሱን ሲያጨናንቀው ዋለ። ካሜራው ሥራው አንድ ነው፤ ደም የት እንደደረሰ ያሳያል። አሠራሩን ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እንዲህ አስረዳት።

«እስቲ ሪሞቱን ተጫኚው።»

«ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል እኮ።»

«ተጫኚው ብቻ። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል በዓይንሽ እዪ። ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«አሁን እየተጫንሽ በስልክሽ ካሜራ እዪያት። በኋላው አይደለም፣ በፊተኛው።»

አየች። በስልኩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጣ ያለች ብርሃን ብልጭ ድርግም ትላለች። ሪሞቱን ዝቅ አድርጋ በዓይኗ አየችው፣ የለም። በስልኩ አየችው፣ አለ።

«ይኼ ሁሉ ጊዜ ይበራ ነበር?»

«ይበራ ነበር። የኛ ዓይን ነው የማያየው፤ ካሜራ ግን ያየዋል።»

የዚያን ቀን የሪሞቱ ባትሪ እስኪደክም ተጫወተችበት። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት፤ ለአብዛኛው ስልክ ይሠራል፣ ደግሞም ያስደስታል።

የሆስፒታሉ ካሜራም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ አንድ እርምጃ ብቻ ይጨምራል። መጀመሪያ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ቀለም በውኃ ተበጥብጦ በልጁ የደም ሥር ይሰጣል። ቀለሙ ደም ውስጥ ገብቶ ከደሙ ጋር ይጓዛል፤ ደም በደረሰበት ይደርሳል፣ ደም በቀረበት ይቀራል። ካሜራው ዓይን የማያየውን ብርሃን አንጀቱ ላይ ይረጫል። ቀለሙ ያን ብርሃን ተቀብሎ ሌላ የማይታይ ብርሃን ይመልሳል፤ ካሜራው ይህን ይለቅምና ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ አድርጎ ይሥለዋል። ጉበት ቀለሙን ከደም እየለቀመ ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። የክፍሉ ትልልቅ መብራቶች ራሳቸው ያንን የማይታይ ብርሃን ስለሚረጩ ካሜራውን ያሳውሩታል፤ ስለዚህ መብራት ይጠፋል፣ መጋረጃ ይዘጋል። ሲስተር መብራት በጠፋ ቁጥር «ሲኒማ ተጀመረ» ትላለች።

አሁን ወደ ሕፃኗ እንምጣ።

ከተወለደች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። አረንጓዴ ያስመልሳታል ተብሎ መጣች። በአራስ ልጅ አረንጓዴ ትውከት ማለት ሐሞት መንገድ አጥቶ ወደ ላይ ተመለሰ ማለት ነው፤ አባ ቆይ ይህን ሲሰማ የጀመረውን ሻይ ትቶ ይነሳል። አንጀቷ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ተጠማዝዞ ነበር። የተጠማዘዘ የውኃ ጎማ አስቡ፤ ጎማው ደህና ነው፣ ውኃው ግን አያልፍም።

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። ኮሪደሩ ላይ ከእናቷ፣ ማለትም ከሕፃኗ አያት ጋር ቆማ አባ ቆይን ሰማችው። አልደበቃትም። «ጠምዛዛውን እንፈታዋለን። ከዚያ በኋላ የሞተ ቦታ ካለ ይቆረጣል። ምን ያህል እንደሆነ ሆዷ ሳይከፈት አላውቅም፣ እህቴ። ብዙ ካልሆነ ወተት ጠጥታ ታድጋለች። ብዙ ከሆነ ግን ወተት አይበቃትም።»

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጇ አንጓ ጠረገች። አንገቷ ላይ የልኬት ሜትሯ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ለሕፃኗ ልብስ እየለካች ሳለ ነበር ይዛት የሮጠችው። «ዶክተር፣ እኛ ጨርቅ ስንቆርጥ ለስፌት ትርፍ እንተዋለን። አደራዎን፣ ለእሷም ትርፍ ይተዉላት።»

አያትየዋን ግን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነበር። «እኚህ ናቸው ቆይ ቆይ የሚሉት?» ብላ በጎን ሲስተርን ጠየቀች።

«እሳቸው ናቸው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ይቆዩላት።»

ከሕፃናቱ ጋር ዘወትር የሚሠራው ሰመመን ሰጪ እረፍት ላይ ስለነበር በዚያ ጠዋት ከአዋቂዎች ክፍል ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። ግዙፍ፣ ጨዋታ የሚወድ፣ በሥራውም የተመሰገነ ነው። ሕፃኗን ሲያይ፣ «ይቺን ለማስተኛት እኔ መምጣት ነበረብኝ? እሹሩሩ በቂ ነበር» አለ። ከዚያ ግን በጥንቃቄ አስተኛት።

ሆዷ ተከፈተ። አባ ቆይ ጠምዛዛውን ወደ ኋላ እያዞረ ፈታው። በሞቀ ጎዝ ጠቀለለና «ቆይ» አለ። ሲገልጠው ላይኛው ጥቂት አንጀት ሮዝ ሆኗል። ከዚያ በታች ያለው ረጅሙ፣ ማለትም አብዛኛው፣ ወይን ጠጅ እንደመሰለ ነው። አለመላወሱ ያስፈራል።

«ቀለሙን ስጠው» አለ።

«ሰጠሁ» አለ ሰመመን ሰጪው።

መብራት ጠፋ። ሲስተር ስለ ሲኒማ ምንም አላለችም። ሁሉም ስክሪኑን ያያል። ጨለማ ነው። ጠበቁ፤ አሁንም ጨለማ ነው። በሕፃን ልብ ፍጥነት አንጀቱ እስካሁን ሊበራ ይገባ ነበር።

ረዳት ሐኪሟ ድምጿ ወርዶ፣ «ሁሉም ሞቷል» አለች። ከልቧ አዝና የተናገረችው ነው፤ ስክሪኑን ያመነ ሰው ሌላ የሚለው የለም። ስክሪኑ እውነት ከሆነ የሚቆረጠው ሁሉም ነው፣ ለወተት የሚተርፍ አይኖርም፣ ትርፍ የሚባል ነገርም የለም። ሲስተር ሳትጠየቅ እጇ ወደ መቀሱ ሄደ።

«ቆይ።»

አባ ቆይ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ። የሚያየው ግን አልነበረም፤ ጨለማ ነው። ቀና ብሎም ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ፦

«የጎረቤት ይወርዳል?»

«ምን አልክ?» አለ ሰመመን ሰጪው።

«ጨጓራውን። ካሜራውን ወደ ጨጓራው አዙሩልኝ።»

ይህን ያለው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። ጨጓራ ደም የሚያገኘው በሌላ ቅርንጫፍ ነው፤ የተጠማዘዘው ሥር አይነካውም። መብራቱ በርቶ ሳለ ሁሉም ሮዝነቱን አይተዋል። ደህና መሆኑ የታወቀ ጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ከበራ ጨለማው የአንጀቱ ነው፣ ይቆረጣል። ጎረቤቱም ካልበራ ግን...

ካሜራው ዞረ። ጨጓራውም ጨለማ ነው።

«ጎረቤትም ደርቋል!» አለ አባ ቆይ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት።

«ዶክተር፣ ደርቋል ብለው ይደሰታሉ እንዴ?» አለች ሲስተር ግራ ገብቷት።

«እደሰታለሁ! ጨጓራው ደህና መሆኑን አይተናል። ደህና የሆነው ካልበራ ቀለሙ ገና አልመጣም ማለት ነው። ወንድሜ፣ በየት በኩል ሰጠኸው?»

«በቱቦው ላይኛው መግቢያ፣ እንደ ሁልጊዜው...» ሰመመን ሰጪው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። የእጅ ባትሪ አብርቶ ቱቦውን ፈሳሹን ከሚለካው ማሽን ጀምሮ ወደ ሕፃኗ እጅ መከተል ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ የሆነች አንዲት አጭር መስመር ቁጭ ብላለች። ወደ እጇ ገና ብዙ መንገድ ይቀራታል።

ስህተቱ ይህ ነው፤ አዋቂ ሲያስተኛ የኖረ ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ስህተት ነው። ለአዋቂ የሚሰጠው ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ መድኃኒቱን በላይኛው መግቢያ ቢያስገቡትም ይዞት ይሄዳል፤ መጠኑም ቱቦውን ሞልቶ ያልፋል። የሕፃን ፈሳሽ ግን በማሽን እየተለካ እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው። ቀለሟም የጠብታ ያህል ስለሆነች ቱቦው ውስጥ ተውጣ ትቀራለች።

«መንገድ ላይ ናት!» አለ ግዙፉ ሰው። ጨዋታው ጠፍቶ ግንባሩ በላብ ረጥቧል። «አዋቂ ነው የለመድኩት፣ ጌታዬ... ሌላ ልጨምርላት?»

«ቆይ ቆይ ቆይ!» አለ አባ ቆይ። ሦስት ጊዜ መድገሙ አዲስ ነበር። «ሁለቱ ተከታትለው ከገቡ ሁሉም ቦታ ይበራና የዘገየውን ከቶሎው አንለይም። ያቺኑ ያለችውን ግፋት። ለእጇ በሚቀርበው መግቢያ፣ ትንሽ የጨው ውኃ፣ ቀስ አድርገህ።»

መስመሯ ተንቀሳቀሰች። የእጅ ባትሪው ጠፋ። ሁሉም እንደገና ወደ ስክሪኑ ዞረ።

በመጀመሪያ የበራው ጎረቤቱ ነው፤ ጨጓራው ከጨለማው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ። ከዚያ ጉበቱ። ከዚያ ላይኛው አንጀት። ከዚያ ደግሞ አንጀቱን የሚይዘው ስስ መጋረጃ ላይ ያሉት ሥሮች አንድ በአንድ በሩ፤ በቅጠል ላይ እንዳሉ መስመሮች ከግንዱ ወደ ጫፍ፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ። ብርሃኑ ወደዚያ ወይን ጠጅ ወደመሰለው ረጅም አንጀት ደረሰ፤ የሚቆም መሰለ። አልቆመም። እየደከመ፣ እየዘገየ፣ ግን እየገባ ሄደ።

«ሲኒማ!» አለች ሲስተር ቀስ ብላ፤ ድምጿ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

በመጨረሻ ሳይበራ የቀረው አንድ አጭር ቁራጭ ነበር፤ ዳርና ዳሩ በግልጽ ይታያል። አባ ቆይ በዚያው ጨለማ ውስጥ ሁለቱን ዳር በክር ምልክት አደረገባቸው። መብራቱ ሲበራ ለረዳት ሐኪሟ ምክንያቱ ገባት፤ ከክሩ ወዲህና ወዲያ ያለው አንጀት በዓይን ሲታይ ልዩነት የለውም፣ ሁሉም ያው ወይን ጠጅ ነው።

«እኔ እዚህ ጋ ነበር የምቆርጠው» አለች፣ ጣቷን በጣም ራቅ ወዳለ ቦታ እየጠቆመች።

«እኔም ወደዚያው ነበር የምሄደው» አለ አባ ቆይ። «በዓይን እኮ ይኼ ብቻ ነው የሚታየው።»

በክሮቹ መሀል ያለውን ብቻ ቆረጠ። ደክሞ የበራውን ክፍል ግን አልቆረጠም፣ አላመነውምም። ካሜራው ደም መድረሱን ያሳያል እንጂ አንጀቱ እንደሚድን ቃል አይገባም። ስለዚህ ጫፎቹን ሳይገጥም ሆዷን ለጊዜው ሸፍኖ፣ በማግስቱ ደግሞ ከፍቶ ሊያየው ወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን በጣቷ ላይ እየጠቀለለችና እየፈታች ጠበቀችው። «ጨረሳችሁ?»

«አልጨረስንም። ትርፍ ትተናል፤ ትርፉ ይዳን አይዳን ደግሞ ከፍተን እናያለን።»

አያትየዋ ለልጇ፣ «ቆዩላት ማለት ነው» ብላ ተረጎመችላት።

በማግስቱ እንደገና ሲከፍቱት ደክሞ የበራው አንጀት ሮዝ ነበር። ካሜራው ሳይበራ በፊት አባ ቆይ በጣቱ ነካ አደረገው፤ ተላወሰ። በካሜራውም አዩት። ሰመመን ሰጪው ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ተመልሶ ነበር፤ ለዚህ ግን ራሱ ለምኖ መጣ፤ ቀለሙን ለእጇ በሚቀርበው መግቢያ ሰጥቶ ከኋላው በጨው ውኃ ገፋ። ሲስተር መብራቱን ከማጥፋቷ በፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ጎረቤት?» ብላ ጠየቀች፤ ካሜራው መጀመሪያ ወደ ጨጓራው ዞረ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ መብራት አይጠፋም። አዲስ የመጡ ሐኪሞች መጀመሪያ ቀልድ ይመስላቸዋል። የአባ ቆይ ሚስት ነገሩን ስትሰማ፣ «የኔ ሥራ ነዋ!» ብላ መሥሪያ ቤቷ በሙሉ እስኪሰለቸው ድረስ አወራችው።

የአንጀቱ ጫፎች ተገጠሙ። ከዚያ በኋላ የቀረው የሐኪም ሥራ አልነበረም፤ ጥበቃ ነበር። ወተት በጠብታ ተጀመረ። አላስመለሰችም። ጨመሩላት። ሆዷ አልተነፋም። ነገር ግን ወተት መግባቱ ብቻ በቂ አይደለም፤ የገባው ሄዶ ሄዶ መውጣት አለበት። አባ ቆይ በየጠዋቱ እየመጣ፣ «ወጣላት?» ይላል። እናትየዋ ራሷን በአሉታ ትነቀንቃለች። እሱም ሌላ ምን ይላል፣ «ቆይ» ብሎ ይሄዳል። በእነዚያ ጠዋቶች ቃሉ ለራሱም አልቀለለውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሳለ ኮሪደሩ ውስጥ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። አያትየዋ ናት። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጠርጋል፤ በሁለት እጇ አንድ የተጠቀለለ ዳይፐር እንደ ስጦታ ይዛለች።

«ዶክተር! ዶክተር! ይዩልኝ!»

«እማዬ፣ በሰው ፊት!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላ እየተከተለች፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

አባ ቆይ ዳይፐሩን ተቀብሎ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ዘረጋው። ቢጫ ነው፤ ሊሆን እንደሚገባው ሆኖ የወጣ ነው። ጎንበስ አለ። አየ። አስታማሚው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ እሱ ግን ቀና አልል አለ።

ሲስተር ትዕግሥቷ አለቀ።

«ዶክተር፣ መብራት ላጥፋልዎት?»

«አያስፈልግም» አለ አባ ቆይ ቀና ሳይል። «ይኼ በዓይን ይታያል።»